የመንኮራኩር ክፍሎች መለያያ ሥርዓት፦ ምንነቱ፣ አሠራሩና የአስተማማኝነቱ መሠረቶች

መግቢያ

ሮኬትም ሆነ መንኮራኩር ከምድር ሲነሣ አንድ አካል ይመስላል እንጂ እርስ በርሳቸው ከተያያዙ ብዙ ክፍሎች የተሠራ ነው። ነዳጁን የጨረሰው የሮኬት ክፍል ከሚቀጥለው ይለያል፤ ሳተላይቱን ከአየር ግፊትና ከሙቀት የጠበቀው የአናት ሽፋን ተከፍሎ ይወድቃል፤ ሳተላይቱም በመጨረሻ ከተሸከመው ሮኬት ይላቀቃል። ሰው የጫነ መንኮራኩር ወደ ምድር ሲመለስ ደግሞ ጠፈርተኞቹ የተቀመጡበት ክፍል ብቻ ከሌሎቹ ተነጥሎ ወደ ከባቢ አየር ይገባል። እነዚህን ክፍሎች እስከ ተወሰነው ቅጽበት ድረስ አጥብቆ የሚይዝና በዚያው ቅጽበት የሚለቅ መሣሪያ የመለያያ ሥርዓት ይባላል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የመለያያ ሥርዓት ምን እንደሆነ፣ እንዴት እንደሚሠራና አስተማማኝ እንዲሆን ምን እንደሚያስፈልግ ለተማሪዎች፣ ለመምህራን፣ ለመሐንዲሶችና ስለ ሕዋ ዘርፍ መረጃ ለሚሹ ዜጎች ማስረዳት ነው። በዋና ምሳሌነት የተመረጠው የሶዩዝ መንኮራኩር ነው። ይህ መንኮራኩር ከ1967 ጀምሮ ሰው ሲያጓጉዝ የኖረ በመሆኑ የመለያየት ስኬትም ጉድለትም በግልጽ ታይቶበታል። በመጨረሻም ከሮኬት የተለዩ ቁርጥራጮች መሬት ላይ ወድቀው ቢገኙ ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ ተመልክቷል። «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር በጽሑፉ የተጠቀሱት ቀናትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

1. ሁለት ተቃራኒ ግዴታዎች

የመለያያ ሥርዓት እርስ በርስ የሚቃረኑ ሁለት ግዴታዎች አሉበት። የመጀመሪያው መያዝ ነው። ሮኬት ሲነሣ የሚፈጠረውን ከፍተኛ ንዝረት፣ የሞተሩን ግፊትና የሙቀቱን መለዋወጥ ተቋቁሞ ክፍሎቹ እንዳይላቀቁ መጠበቅ ይኖርበታል። ሁለተኛው መልቀቅ ነው። ትእዛዝ በተሰጠ ጊዜ ሳያመነታ፣ ሁሉንም ማያያዣ በአንድነት፣ ምንም ነገር ሳያስቀር መልቀቅ አለበት። ያለ ጊዜው የለቀቀ ሥርዓት በረራውን ያጠፋል፤ በጊዜው ያልለቀቀም እንደዚሁ።

ችግሩን የሚያከብደው ሌላ ባሕርይ አለ። አብዛኞቹ የመለያያ መሣሪያዎች የሚሠሩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። በፍንዳታ የሚቆረጥ ብሎን ተሞክሮ ከተቆረጠ ተመልሶ አይገጠምም። በመሆኑም ወደ ሕዋ የሚሄደው ብሎን ራሱ ፈጽሞ ተሞክሮ አያውቅም፤ የተሞከሩት ከእርሱ ጋር በአንድ ላይ የተመረቱት ጓደኞቹ ናቸው። የመኪና ፍሬን በየቀኑ ሊፈተሽ ይችላል፤ የመንኮራኩር መለያያ ግን የሚፈተነው የሰው ሕይወት በተንጠለጠለበት በዚያ አንድ ቅጽበት ነው። የመለያያ ሥርዓት ንድፍ ጥበብ በሙሉ ከዚህ እውነታ ይነሣል።

2. ዋና ዋና የመለያያ መሣሪያዎች

ሀ. ፈንጂ ብሎን። በውስጡ አነስተኛ ባሩድና የኤሌክትሪክ ማቀጣጠያ ያለው ብሎን ነው። ትእዛዝ ሲደርሰው በሺሕ ከተከፈለ ሰከንድ ጥቂቱን ብቻ ወስዶ አስቀድሞ በተዘጋጀው ቀጭን ቦታ ላይ ይበጠሳል። ጥቅሙ ፍጥነቱ ነው። ጉድለቱ ደግሞ በአካባቢው ላሉ ስስ መሣሪያዎች የሚያደርሰው ድንገተኛ ንዝረትና የሚረጨው ስብርባሪ ነው፤ ስለዚህ ስብርባሪውን ይዞ የሚያስቀር ሽፋን ይደረግለታል።

ለ. ተሰባሪ ዳዶ። በዚህ ዘዴ የሚሰበረው ብሎኑ ሳይሆን ዳዶው ነው። በአሜሪካ የጠፈር መንኮራኩር ማመላለሻ ዘመን ሁለቱ የጎን ሮኬቶች ከማስወንጨፊያው መድረክ ጋር የሚያያዙት በ8 ብሎኖች ሲሆን፣ በመነሻው ቅጽበት ዳዶዎቹ በባሩድ ይሰበሩ ነበር።

ሐ. ማሰሪያ ቀለበት። ሁለት ክብ ከንፈሮችን ከውጭ አቅፎ የሚያጣብቅ የብረት መቀነት ነው። መቀነቱ የሚጠብቀው በሁለት ብሎኖች ሲሆን ከሁለቱ አንዱ ብቻ ቢቆረጥ እንኳ ቀለበቱ ይፈታል። ሳተላይትን ከሮኬት ለመለየት በስፋት የሚሠራበት ይኸው ዓይነት ነው።

መ. ተሰንጣቂ መገጣጠሚያ። በአናት ሽፋን ጠርዝ ላይ በርዝመት የሚዘረጋ የአሉሚኒየም ዘንግ ሲሆን፣ በውስጡ የተቀበረው የፈንጂ ገመድ ሲቀጣጠል በሙሉ ርዝመቱ ይሰነጠቃል።

ሠ. ፈንጂ አልባ መሣሪያዎች። ከኒኬልና ከታይታኒየም የሚሠራ አንድ ቅይጥ ብረት ሲሞቅ ወደ ቀድሞ ቅርጹ ይመለሳል፤ በዚህ ጊዜ የሚፈጥረው ኃይል ብሎን ይበጥሳል። በሌሎች ንድፎች የታመቀ ጋዝ የሚገፋቸው ዘንጎች ያገለግላሉ፤ የፋልከን 9 ሮኬት ክፍሎች የሚለያዩት በዚህ ዓይነት ነው። በትናንሽ ሳተላይቶች ላይ አንቴናን አጥፎ የያዘ የናይለን ክር በኤሌክትሪክ በጋለ ሽቦ ተቃጥሎ እንዲበጠስ ይደረጋል። እነዚህ መሣሪያዎች ንዝረታቸው ዝቅተኛ ነው፤ ብዙዎቹም ደጋግመው ሊሞከሩ ይችላሉ። በሙቀት የሚሠሩት ግን እስኪግሉ ድረስ ሰከንዶችን ስለሚወስዱ ብዙ ማያያዣዎችን በአንድ ቅጽበት ለመፍታት አይመቹም።

ረ. ገፊ ሞላና ኬብል ቆራጭ። ማያያዣው መፈታቱ ብቻውን መለያየት አይደለም። ክፍሎቹ ተመልሰው እንዳይጋጩ የታመቁ ሞላዎች በዝግታ ይገፏቸዋል። ከሞላዎቹ አንዱ ቢደክም ሳተላይቱ እየተንከባለለ ይወጣል። ክፍሎቹን የሚያገናኙ የኤሌክትሪክ ኬብሎችና ቱቦዎችም በመሰኪያ መነቀል ወይም በቢላዋ መቆረጥ አለባቸው። በአፖሎ መንኮራኩር የጠፈርተኞቹን ክፍል ከአገልግሎት ክፍሉ ጋር የሚያገናኙትን ሽቦዎችና ቱቦዎች የሚቆርጠው በባሩድ የሚገፋ ቢላዋ ነበር።

3. የሶዩዝ መንኮራኩር ተሞክሮ

ሶዩዝ ሦስት ክፍሎች አሉት። ከፊት የምህዋር ክፍል፣ ከመሐል ጠፈርተኞቹ የሚመለሱበት ክፍል፣ ከኋላ ደግሞ ሞተሩንና ነዳጁን የያዘው የአገልግሎት ክፍል ይገኛሉ። ወደ ምድር ሲመለስ 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሦስቱ ይለያያሉ። የሙቀት መከላከያ ጋሻ ያለው የመሐለኛው ክፍል ብቻ ነው፤ ጋሻው የተገጠመውም በታችኛው ወገን፣ ከአገልግሎት ክፍሉ ጋር በሚገናኝበት በኩል ነው። ስለዚህ የአገልግሎት ክፍሉ ካልተለየ ጋሻው ተሸፍኖ ይቀራል።

3.1 ቮስቶክ 1፣ አፕሪል 12 ቀን 1961። ከሶዩዝ በፊት የነበረው ቮስቶክ ዩሪ ጋጋሪንን ይዞ ሲመለስ ዋናው ማሰሪያ ቢፈታም ሁለቱን ክፍሎች የሚያገናኘው የኤሌክትሪክ ሽቦ እስር አልተላቀቀም። መንኮራኩሩ እየተሽከረከረ ቆይቶ ሽቦው በከባቢ አየር ሙቀት ተቃጥሎ ሲበጠስ ክፍሎቹ ተለያዩ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ሽቦም ማያያዣ መሆኑ ነው፤ ብሎኑ ሲቆረጥ ሽቦው ከቀረ መለያየቱ አልተፈጸመም።

3.2 ሶዩዝ 5፣ ጃንዋሪ 18 ቀን 1969። ቦሪስ ቮሊኖቭ ብቻውን ሲመለስ የአገልግሎት ክፍሉ አልተለየም። መንኮራኩሩ ጋሻው ወደ ኋላ፣ ስስ የሆነው የመግቢያ በር በኩል ወደ ፊት ሆኖ ወደ ከባቢ አየር ገባ። የበሩ ማሸጊያ መቃጠል ጀምሮ ክፍሉ በጭስ ተሞላ። በሩ ከመሸነፉ በፊት ግን ክፍሎቹን ያያያዙት ዘንጎች በሙቀቱና በጫናው ተበጠሱ፤ ጠፈርተኛው ያለበት ክፍልም በራሱ ዞሮ ጋሻውን ወደ ፊት አደረገ። ቮሊኖቭ በኡራል አካባቢ፣ ከታቀደው ቦታ ርቆ በኃይል አረፈ፤ ጥርሶቹ ቢሰበሩም ሕይወቱ ተርፎ በ1976 ዳግመኛ ወደ ሕዋ ተጉዟል። ያዳነው የመንኮራኩሩ ቅርጽና የክብደቱ አቀማመጥ ነው። የክብደቱ ማዕከል የተቀመጠው ክፍሉ ብቻውን ሲቀር ጋሻው በራሱ ወደ ፊት እንዲዞር በሚያደርግ ቦታ ላይ ነበር።

3.3 ሶዩዝ 11፣ ጁን 30 ቀን 1971። ጆርጂ ዶብሮቮልስኪ፣ ቭላዲስላቭ ቮልኮቭና ቪክቶር ፓትሳየቭ በሳልዩት 1 የጠፈር ጣቢያ ሦስት ሳምንት ከቆዩ በኋላ ሲመለሱ ክፍሎቹ ተለያይተዋል። ይሁን እንጂ በቅደም ተከተል ሊፈነዱ ይገባቸው የነበሩት ብሎኖች በአንድ ጊዜ ፈነዱ። ከዚህ የተነሣው ድንገተኛ ንዝረት፣ ወደ ምድር ሲቃረቡ የውጭ አየር እንዲያስገባ የተሠራውን ቫልቭ 168 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከፈተው። የክፍሉ አየር ሁለት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ወጥቶ አለቀ። ጠፈርተኞቹ የግፊት ልብስ አልለበሱም ነበር፤ ቫልቩን በእጅ ለመዝጋት የሚፈጀው ጊዜም በዚያ ሁኔታ ነፍስን ሳይስቱ ከሚቆዩበት ጊዜ ይበልጥ ነበር። ፓራሹቱ በሥርዓት ተዘርግቶ ክፍሉ በሰላም ቢያርፍም ሦስቱም ሕይወታቸው አልፎ ተገኙ።

ይህ አደጋ የመለያያ ሥርዓት ግቡን ቢመታም ሰው ሊያጠፋ እንደሚችል አሳይቷል። መለያየቱ ተሳክቷል፤ ያልተሳካው መለያየቱ በጎረቤት ክፍሎች ላይ የሚያደርሰውን ጫና አስቀድሞ መገመት ነበር። ከዚያ በኋላ ጠፈርተኞች በመነሻና በመመለሻ ሰዓት የግፊት ልብስ እንዲለብሱ ተደረገ። ልብሱና ተጓዳኝ መሣሪያው ቦታ ስለሚይዙ የተሳፋሪው ቁጥር ከሦስት ወደ ሁለት ዝቅ ብሎ እስከ 1980 በዚያው ቆይቷል።

3.4 ሶዩዝ ቲኤምኤ-11፣ አፕሪል 19 ቀን 2008። ዩሪ ማሌንቼንኮ፣ ፔጊ ዊትሰንና ዪ ሶ-ዮን ሲመለሱ የአገልግሎት ክፍሉ በአንድ ወገን ሳይለቅ ቀረ። እንደ ሶዩዝ 5 ሁሉ በከባቢ አየሩ ኃይል ተገንጥሎ ከወጣ በኋላ መንኮራኩሩ ወደ መጠባበቂያው የአወራረድ ስልት ተሸጋገረ። ተሳፋሪዎቹ ከክብደታቸው ከ8 እጥፍ የሚበልጥ ጫና ተሸክመው ከታቀደው ቦታ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በሕይወት አረፉ። በዚያን ጊዜ ሌላ ሶዩዝ ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ጋር ተያይዞ ስለነበር፣ ጁላይ 10 ቀን 2008 ሰርጌይ ቮልኮቭና ኦሌግ ኮኖኔንኮ ከጣቢያው ወጥተው ከመንኮራኩሩ አንዱን ፈንጂ ብሎን በእጃቸው ፈቱ፤ ፍንዳታን በሚቋቋም ዕቃ ውስጥ አድርገውም አስገቡት። በዚያው ዓመት ኦክቶበር ያ መንኮራኩር በታቀደው መሠረት አረፈ።

4. የአስተማማኝ ንድፍ መሠረቶች

ከእነዚህ ክስተቶች የሚወጣው ዋና ትምህርት አንድ ነው። አስተማማኝነት የሚገኘው ፈጽሞ የማይከሽፍ ብሎን በመሥራት አይደለም፤ አንዱ መንገድ ሲከሽፍ ሌላ መንገድ እንዲኖር፣ ያም ቢከሽፍ ሰው ወይም ዕቃ የሚተርፍበት ሁኔታ እንዲኖር በማድረግ ነው። ይህም በሚከተሉት መሠረቶች ይተነተናል።

4.1 ሁለተኛ መንገድ። በእያንዳንዱ ማያያዣ ላይ ሁለት ማቀጣጠያዎች ይገጠማሉ፤ አንዱ ብቻውን ሥራውን መጨረስ መቻል አለበት። ለምሳሌ አንዱ ማቀጣጠያ ከ1,000 ጊዜ 1 ጊዜ ይከሽፋል ቢባል፣ ሁለቱ በአንድነት የሚከሽፉት ከ1,000,000 ጊዜ 1 ጊዜ ይሆናል።

4.2 ነጻነት። ከላይ ያለው ስሌት የሚሠራው ሁለቱ መንገዶች ምንም የሚጋሩት ነገር ከሌለ ብቻ ነው። በአንድ ባትሪ፣ በአንድ ሽቦ ወይም ከአንድ የተበላሸ ምርት በተገኘ ባሩድ የሚሠሩ ሁለት ማቀጣጠያዎች በቁጥር ሁለት ይሁኑ እንጂ በአስተማማኝነት አንድ ናቸው።

4.3 ካልታዘዙ አለመሥራት። ሁለተኛ መንገድ መጨመር ያለ ጊዜ የመፈንዳትን ዕድልም ይጨምራል። በዚህም ምክንያት ማቀጣጠያው በስታቲክ ኤሌክትሪክ ወይም በሬዲዮ ሞገድ እንዳይነሣ ተደርጎ ይሠራል። የአሜሪካ የበረራና የሕዋ አስተዳደር (ናሳ) መደበኛ ማቀጣጠያ የ1 አምፔርና የ1 ዋት ኤሌክትሪክ ለ5 ደቂቃ ቢያልፍበት እንኳ መቀጣጠል የለበትም። ትእዛዙም አንድ ማብሪያ ስለተነካ ብቻ አይተላለፍም፤ በቅድሚያ ሥርዓቱ ለሥራ መዘጋጀት፣ ቀጥሎ መተኮስ አለበት።

4.4 ትርፍ ኃይል። ባሩዱ ከሚያስፈልገው በላይ፣ ሞላውም ሰበቃን ከማሸነፍ በላይ ኃይል ሊኖራቸው ይገባል። አየር በሌለበት ሕዋ ቅባት ይጠፋል፤ ብረትና ብረትም ይጣበቃል። ወደ ጁፒተር በተላከችው ጋሊልዮ ላይ ዋናው አንቴና በ1991 ሙሉ በሙሉ ሳይዘረጋ የቀረው ቅባታቸውን ያጡ ዘንጎች ከማቀፊያቸው አልወጣ በማለታቸው ነው። ትርፍ ኃይል መኖሩ የሚረጋገጠው በምድር ላይ ባሩዱን ሆን ብሎ በመቀነስ ብሎኑ አሁንም መበጠሱን፣ በመጨመርም ማቀፊያው አለመሰንጠቁን በመፈተሽ ነው።

4.5 ናሙናን መፈተሽ። ከእያንዳንዱ የምርት ክፍል የተወሰኑት ተወስደው በብርድ፣ በሙቀትና በንዝረት ከተፈተኑ በኋላ ይተኮሳሉ። ከናሙናው አንዱ ቢከሽፍ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ የዚያ ክፍል ምርት በሙሉ ከጥቅም ውጭ ሆኖ ይቆያል።

4.6 የክሽፈት ውጤትን መገመት። ንድፍ አውጪው «ባይለቅስ?»፣ «በግማሽ ቢለቅስ?»፣ «በአንድ ጊዜ ቢፈነዳስ?» ለሚሉት ጥያቄዎች በየክፍሉ መልስ ማስቀመጥ ይኖርበታል። የቮሊኖቭን ሕይወት ያተረፈው የመንኮራኩሩ ቅርጽ ለመጀመሪያው ጥያቄ አስቀድሞ የተዘጋጀ መልስ ምሳሌ ነው።

5. የሰነድና የአሠራር ጥንቃቄ

ጥሩ ንድፍ ብቻውን በቂ አይደለም። ጁን 1966 የጄሚኒ 9 ጠፈርተኞች ቶማስ ስታፎርድና ዩጂን ሰርናን ሊገጣጠሙት ወደ ነበረው የሕዋ ዒላማ ሲደርሱ የአናት ሽፋኑ በግማሽ ተከፍቶ እንደ አዞ አፍ ተንጠልጥሎ አገኙት። ምክንያቱ ሽፋኑን የሚያላቅቁት ማሰሪያዎች በዝግጅት ወቅት ባልተገባ መንገድ በፕላስተር መጣበቃቸው ነበር። መገጣጠሙም ሳይፈጸም ቀረ።

በፌብሩዋሪ 2009 እና በማርች 2011 ደግሞ ሁለት የናሳ ሳተላይቶች የአናት ሽፋናቸው ባለመለየቱ ምህዋር ሳይደርሱ ውቅያኖስ ውስጥ ወደቁ። ናሳ በ2019 እንዳስታወቀው ለተሰንጣቂ መገጣጠሚያው የቀረበው አሉሚኒየም የጥራት ምርመራ ሰነድ ሐሰተኛ ነበር፤ የማጭበርበሩ ድርጊት 19 ዓመታት የዘለቀ ሲሆን ጉዳቱም ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተገምቷል። መሐንዲሱ ያሰላው ስሌት ትክክል ቢሆንም የተሰላለት ብረትና የቀረበው ብረት አንድ አልነበሩም። አንድ ጊዜ ብቻ በሚሠራ መሣሪያ ላይ የምርመራ ሰነድ ከመሣሪያው ያላነሰ ሚና እንዳለው ይህ በቂ ማስረጃ ነው።

6. ከኢትዮጵያ ሳተላይቶች ጋር ያለው ግንኙነት

የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ የመሬት ምልከታ ሳተላይት ኢቲ-አርኤስኤስ-1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይናው ታይዩዋን ማዕከል በሎንግ ማርች 4ቢ ሮኬት መጥቃለች። ሁለተኛዋ ኢቲ-ስማርት-አርኤስኤስ ታኅሣሥ 13 ቀን 2013 ዓ.ም. ከወንቻንግ ማዕከል በሎንግ ማርች 8 ሮኬት ተልካለች። ሁለቱም ከሌሎች ሳተላይቶች ጋር ተጭነው የሄዱ ናቸው። በእንዲህ ዓይነት ጉዞ አንዲት ሳተላይት በትክክል ካልተለየች በራሷ ብቻ ሳይሆን በተጓዳኞቿም ላይ ጉዳት ልታደርስ ትችላለች። በመሆኑም የሳተላይቱ ባለቤት የሆነ አገር ሮኬቱን ባይሠራም የመለያያ ሥርዓቱን ባሕርይ ማወቅ ይኖርበታል፤ ሳተላይቱ የሚቋቋመው ንዝረት፣ የሚቆምበት ቀለበት ልክና የሚገፋበት ፍጥነት የሚወሰነው ከሮኬቱ አቅራቢ ጋር በሚደረግ ስምምነት ነው።

በትምህርት ቤትና በዩኒቨርሲቲ ደረጃ በዚህ ዘርፍ ልምምድ ማድረግ ለሚሹ ተማሪዎች የሚመከሩት በሞላ፣ በክርና በጋለ ሽቦ የሚሠሩ ፈንጂ አልባ ዘዴዎች ናቸው። ደጋግመው ስለሚሞከሩ ለመማሪያነት ይመቻሉ። ባሩድም ሆነ ሌላ ፈንጂ በግል መሥራትና መሞከር ለሕይወት አስጊ ስለሆነ ሊሞከር አይገባም።

7. ከሮኬት የተለዩ ቁርጥራጮች መሬት ላይ ቢገኙ

ከሮኬት የተለየ ክፍል ሁሉ በከባቢ አየር ተቃጥሎ አያልቅም። ዲሴምበር 30 ቀን 2024 በጎረቤት ኬንያ፣ በማኩዌኒ አውራጃ ሙኩኩ በተባለች መንደር 2.5 ሜትር ገደማ ስፋትና 500 ኪሎ ግራም ገደማ ክብደት ያለው የብረት ቀለበት ከሰማይ ወድቋል። የኬንያ የሕዋ ኤጀንሲ የመጀመሪያ ግምገማውን ሲገልጽ ዕቃው የሮኬት መለያያ ቀለበት መሆኑን አስታውቋል። በሰው ላይ የደረሰ ጉዳት አልነበረም።

ተመሳሳይ ዕቃ ያገኘ ማንኛውም ዜጋ የሚከተለውን ጥንቃቄ ማድረግ ይገባዋል።

• ዕቃውን አለመንካት፣ አለማንቀሳቀስና ለቁራሌው ብሎ አለመቁረጥ። ያልፈነዳ ባሩድ ወይም የታመቀ ጋዝ ሊኖርበት ይችላል።
• ከዕቃው የሚወጣ ጭስ፣ ሽታ ወይም ፈሳሽ ካለ ከነፋሱ አቅጣጫ ወጥቶ መራቅ። አንዳንድ የሮኬት ነዳጆች በትንፋሽም ሆነ በቆዳ በኩል የሚገቡ መርዞች ናቸው።
• ሕፃናትንና ከብቶችን ከአካባቢው ማራቅ።
• በአቅራቢያው ላለው ፖሊስ ወይም የቀበሌ አስተዳደር ወዲያውኑ ማሳወቅ፤ ከተቻለም ከርቀት ፎቶግራፍ ማንሣትና የታየበትን ሰዓት መመዝገብ።

በ1972 የተፈረመው ዓለም አቀፍ የኃላፊነት ስምምነት የሕዋ ዕቃ በምድር ላይ ለሚያደርሰው ጉዳት ዕቃውን ያመጠቀውን መንግሥት ተጠያቂ ያደርጋል። ስለሆነም ዕቃው ሳይነካ መቆየቱ ለደኅንነት ብቻ ሳይሆን የማን እንደሆነ ለይቶ ለማወቅም ይረዳል።

ማጠቃለያ

የመለያያ ሥርዓት ከመንኮራኩሩ ክብደት ጥቂቱን ብቻ የሚይዝ፣ ሥራውም ከሰከንድ ያነሰ ጊዜ የሚፈጅ መሣሪያ ነው። ሆኖም የብዙ ዓመት ድካምና የሰው ሕይወት በእርሱ ላይ ይደገፋል። የቮስቶክ፣ የሶዩዝና የሌሎቹ በረራዎች ታሪክ እንደሚያሳየው አስተማማኝነቱ የሚጸናው በአራት ነገሮች ነው፦ እርስ በርስ በማይደገፉ ሁለት መንገዶች፣ በቂ ትርፍ ባለው ኃይል፣ በእውነተኛ ምርመራና ሰነድ፣ እንዲሁም ክሽፈት ቢደርስ እንኳ ሰውን በሕይወት የሚያቆይ ንድፍ።